ክረምት የገባውን ያህል ብቻ ብንቀዳ ውሃው አያልቅም? የቆቦ ሜዳ ጉድጓዶች ክርክር

የውይይቱ ክር በጣም ስለረዘመ አሁን የምትቀላቀሉ ሰዎች ከመሃል እየገባችሁ ቀድሞ የተመለሰውን ትጠይቃላችሁ። ጥያቄውን የጀመርኩት እኔ ስለሆንኩ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ ላስቀምጥ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፣ የገባኝን ነው የጻፍኩት። መሃል ላይ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ። ካልተስማማችሁ ከታች ጻፉ።

መነሻው

ቆቦን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ ሲኬድ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ ዞብል ይዘጉታል። ሜዳውን የሞላው ጎርፍ ከተራራው ለዘመናት ያወረደው ጠጠር፣ አሸዋና ደለል ነው። ሆርማትና ጎሊና የሚባሉት ወንዞች ከላይ ወርደው እዚያ ላይ ይሰርጋሉ፤ የከርሰ ምድር ውሃውም እዚያ ጠጠር ውስጥ ነው ያለው። ድሮ ገበሬው ጎርፉን ወደ ማሳው እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ ያበቅል ነበር። ዛሬም የሚያደርገው አለ። ኋላ ግን ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ መብራት ገባ፣ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም መመረት ጀመረ። እሰየው ነው። በልማቱ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ በአንድ ስሌት ነው። ስለ ጉድጓድ በተወራ ቁጥር፣ በዓመት ወደ መሬት የሚሰርገው ይህን ያህል ነው፣ ከዚያ ካላለፍን ውሃው አያልቅም ይባላል። ለጆሮ ደስ ይላል። እኔ ግን ስህተት ነው ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱም ውሃው ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊትም ሲገባ ነበር፣ ሜዳው ግን ሞልቶ አልፈሰሰም። የገባው በሌላ በኩል ይወጣ ነበር። ምንጭ ሆኖ ይፈልቅ ነበር፣ ከጎሊና ጋር ዞብልን ሰንጥቆ ወደ አፋር ይወርድ ነበር፣ ውሃው ለላይ ቅርብ በሆነበት ቦታ ደግሞ ዛፍና ሳር ይጠጣው ነበር። ቤተሰብ የሚተዳደርበትን ደመወዝ አንድ ሰው ገቢው እኮ ይሄን ያህል ነው ብሎ ሙሉውን ቢያጠፋው ሂሳቡ አይጎድልም፤ ቤት ያሉት ግን ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ ሞዴል (የከርሰ ምድር ውሃውን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያሰላ) የሚሠራ ሰው ስንት ይገባል በሚለው ላይ ቆሞ መቅረት የለበትም። ስንቀዳ ከማን ላይ ነው የምንወስደው፣ ጉዳቱስ መቼ ነው የሚታየው? ጥያቄዬ ይሄ ነበር።

1. የመጀመሪያው መላሽ የአካባቢው ልጅ ነው። አመስግኖኝ ጀመረና ስለ ቤተሰቡ የእጅ ጉድጓድ ነገረን። ልጅ ሆኖ ባልዲ ጥሎ በቀላሉ ይቀዳበት የነበረው ጉድጓድ ደጋግሞ ወደ ታች መቆፈር ነበረበት፣ አሁን ግን ሥሩ ድንጋይ ስለነካ ተትቷል ይላል። ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚያደርግ አልወሰነም፤ ዝናቡም ልክ አልነበረም ብሏል። ቅን ሰው ነው።

2. የመስኖ መሐንዲስ ነኝ ያለ ሰው በትህትና ተቃወመኝ። ስሌቱን ለምን ታጣጥለዋለህ ነው ነገሩ። የሚሰርገውን እንኳ ሳያውቁ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ባሉበት አገር ይህች ቁጥር መኖሯ ራሱ መሻሻል ነው፣ ለመነሻ ትበቃለች ባይ ነው። ለመነሻ ከሆነ እሺ። ችግሩ መነሻዋ ሄዳ ሄዳ ፈቃድ መሆኗ ነው።

3. እዚህ ላይ የሃይድሮጂኦሎጂ (የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት) አስተማሪ ገባችና ክሩ ተስተካከለ። 2ኛውን አርማ፣ እኔንም አሟላችኝ። ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ፣ ቻርልስ ታይስ የተባለ አሜሪካዊ በ1940 (እ.ኤ.አ.) ጽፎት እንደነበር አስታወሰች። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ከሦስት ቦታ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ወይ ከክምችቱ ይቀነሳል፣ ወይ ወደ ውስጥ የሚሰርገው ይጨምራል፣ ወይ በተፈጥሮ ይወጣ የነበረው ይቀንሳል። አራተኛ የለም። ጉድጓዱ ሥራ በጀመረ ሰሞን የሚወጣው በሙሉ ማለት ይቻላል ከክምችት ነው፣ ስለዚህ የውሃው ወለል (መሬት ውስጥ ውሃው የሚጀምርበት ከፍታ) ይወርዳል። ጉድለቱ ቀስ እያለ ይሰፋና ምንጩ ወይም ወንዙ ጋ ይደርሳል። ያኔ ወንዙ ይመነምናል፣ የጉድጓዱ መውረድ ይቆማል። ይህ እንደየቦታው ዓመታት፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

የወደድኩላት ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ወለሉ ተረጋጋ ሲባል ሰው እፎይ ይላል። ግን የተረጋጋው ወንዙን መብላት ስለጀመረ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ገበሬ ጉድጓዴ ደህና ነው ሲል ከዞብል ማዶ ያለው አርብቶ አደር ወንዙ ለምን ቀነሰ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

4 እና 5. አንዱ ሞዴል ሞዴል ትላላችሁ፣ በሰው ቋንቋ ንገሩን አለ። ሌላው መለሰለት፣ ጥሩ አድርጎ። ሜዳው በኮምፒውተር ላይ እንደ ካሬ ወረቀት ይከፋፈላል፣ ወደ ታችም በንብርብር። ለእያንዳንዱ ሳጥን ውሃ በምን ፍጥነት እንደሚያሳልፍና ወለሉ ሲወርድ ስንት እንደሚለቅ ይሰጠዋል። ከዚያ ዝናቡ፣ ወንዙ፣ ጉድጓዶቹ ይገባሉ። ኮምፒውተሩ ከሳጥን ሳጥን የሚሄደውን ውሃ እያሰላ የየቦታውን የውሃ ወለል ያወጣል። የወጣው በጉድጓድ ከተለካው ጋር ይነጻጸራል፤ ካልገጠመ ቁጥሮቹ እስኪገጥሙ ይስተካከላሉ። በብዛት የሚሠራበት ፕሮግራም ሞድፍሎው ይባላል፤ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ሰርቬይ የሠራው ነው፣ በነፃ ይወርዳል። ለተማሪዎች ጥሩ ዜና ነው ብሎ ጨረሰ።

6. ከዚህ በኋላ ድምፁ ጠንከር አለ። የጉድጓድ ቴክኒሺያን ነው። በምን ቁጥር ነው የምታነጻጽሩት ብሎ ጠየቀ። እሱ የሚያውቃቸው ብዙ ጉድጓዶች አናታቸው በብረት ክዳን ታስሮ፣ የፓምፑ ቧንቧና የመብራት ገመዱ ብቻ ወጥቶ የተዘጉ ናቸው። የመለኪያ ገመድ የሚገባባት ቀጭን ቱቦ ከፓምፑ ጎን ያኔ ብትገጠም ወጪዋ ትንሽ ነበር። አልተገጠመችም። ስለዚህ ዛሬ ውሃው የት ጋ እንዳለ ለማወቅ ክሬን ተጠርቶ ፓምፑ መነቀል አለበት፤ ለመለካት ብሎ ደግሞ ፓምፕ የሚነቅል የለም። ፓምፑ ሲቃጠል ይነቀላል፣ ያኔም ሁሉም ለመመለስ ስለሚቸኩል ማንም አይለካም። በዚህ ላይ የተሠራ ሞዴል ሥዕል ነው አለ። ሥዕል የሚለው አነጋገር አስተማሪዋን አናደዳት። እኔ ግን ከክሩ ሁሉ ያቺን ቀጭን ቱቦ ነው የማልረሳት።

7. አንድ አባት በልጃቸው በኩል ጻፉ። መለኪያ የለም ማን አለ አሉ። እሳቸው በተተወ ጉድጓድ ውስጥ ገመድ ላይ ብሎን አስረው ይለቃሉ፤ ብሎኑ ውሃ ሲነካ ድምፁን ይሰማሉ፣ ገመዱ ላይ ቋጠሮ ያደርጋሉ። የዘንድሮው ቋጠሮ ከአምናው በታች ነው። የጎረቤት ፓምፕ ሲነሳ ደግሞ የእሳቸው ውሃ እየቆራረጠ፣ አየር እየተፋ ይመጣል፤ ጎረቤት ሲያቆም ይመለሳል። ዕድሜ ይስጥልን አባባ ያላለ መላሽ የለም።

8. ቴክኒሺያኑ ተመለሰ፣ አሁን ለዘብ ብሎ። የአባታችን ቋጠሮ ዋጋ አለው፣ ግን ሰዓቱ ይታወቅ አለ። ፓምፕ ሲሠራ በዙሪያው ያለው ውሃ እንደ ቁልቁል ቀዳዳ ይጎደጉዳል፣ ጎረቤትም ይጎትታል። ስለዚህ ከሰዓት የተለካና ጎህ ሲቀድ የተለካ አይነጻጸሩም። ፓምፖች ሳይነሱ ገና ሌሊት፣ በዓመቱም በተመሳሳይ ወር፣ ቢቻል አንዴ ከክረምት ማግስት አንዴ ከክረምት በፊት ይለካ። ልጅየው አባቱ የሚለኩት ከጸሎት መልስ ከማለዳው በፊት ነው ብሎ መለሰ። ተዘጋ።

9. አንዱ በስልክ ካልኩሌተር ያወጣውን ሂሳብ አመጣ፣ ቀላልና ጥሩ ሂሳብ። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። አሸዋና ጠጠሩ ውሃው ሲወርድ ከመቶ 10 እጅ ይለቃል ብንል፣ ወለሉ 1 ሜትር ሲወርድ ከአንድ ሄክታር ሥር 1,000 ሜትር ኪዩብ ይወጣል። ሽንኩርት በአንድ ወቅት ከ350 እስከ 550 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። 500 እንያዝ፣ ለሄክታር 5,000 ሜትር ኪዩብ። ምንም የሚተካ ከሌለ አንድ ሽንኩርት ከራሱ ማሳ ሥር ውሃውን 5 ሜትር ያወርደዋል። አስደንጋጭ ምልክቶችን ደርድሮ ለጠፈው።

10. መሐንዲሱ (2ኛው) አቀዘቀዘው። ሜዳው በሙሉ በመስኖ አይለማም፣ ውሃው ከጎንም ይመጣል፣ ከአሥር ሄክታር አንዱ ብቻ ቢለማ አምስቱ ሜትር ግማሽ ሜትር ይሆናል። 10 እጅ የተባለውም በደለሉና በሸክላው ጋ በጣም ያንሳል። በቦይ ከሚለቀቀው ውሃ ደግሞ የተወሰነው ተመልሶ ይሰርጋል። ልክ ነው። ግማሽ ሜትር በዓመት ራሱ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የሚተካው ካነሰ ልጅ ተወልዶ አሥረኛ ክፍል እስኪደርስ ፓምፑ ስንት ጊዜ ዝቅ ይላል?

11. ከቦይ ተመልሶ የሚሰርገውን ውሃ ነገር ሲሰማ አንዱ መፍትሔው ጠብታ መስኖ ነው፣ ለምን እንጨቃጨቃለን አለ። ቆቦ ከቀደሙት አንዱ መሆኑንም አነሳ። አስተማሪዋ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰችበት። ጠብታ ከጉድጓድ የሚወጣውን ይቀንሳል፣ ተክሉ የሚጠጣውን ግን ብዙም አይቀንስም። በቦይ ጊዜ ባከነ የምንለው የተወሰነው ወደ ጠጠሩ ይመለስ ነበር። በጠብታ የተረፈውን ይዞ ገበሬው ተጨማሪ ማሳ ካለማ ደግሞ፣ ሰው ነውና ማልማቱ አይቀርም፣ ከከርሰ ምድሩ የሚጠፋው ይጨምራል። የማሳው ስፋት ካልተገደበ ጠብታ ውሃ አያድንም። ሰውየው ደስ አላለውም፤ ቧንቧ ሻጭ ሳይሆን አይቀርም ብሎ የጠረጠረ ነበር። አላውቅም፣ ግን ድንበር ያለፈ ጥርጣሬ ነው።

12. ከዴንቨር ትራክ የሚነዳ ወንድማችን በኢንተርስቴት 70 ካንሳስን ሲያቋርጥ የሚያየውን ጻፈ። ግዙፍ የብረት ክንድ በጎማ እየዞረ በቆሎ ያጠጣል። ከአውሮፕላን ሲታይ መሬቱ ክብ ክብ ነው። ውሃው የሚመጣው ኦጋላላ ከሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ በምዕራብ ካንሳስ ከሚተካው በላይ ስለተቀዳ ለአሥርት ዓመታት ሲወርድ ኖሯል። የገረመው ግን ሌላ ነው፤ ከመንገዱ በስተሰሜን፣ ሸሪዳን በሚባለው አካባቢ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተነስተው እንቀንስ አሉ። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአምስት ዓመት በድምሩ 55 ኢንች (1.4 ሜትር ገደማ) ጥልቀት ያለው ውሃ ለእያንዳንዱ መሬት ተመደበ፤ 20 በመቶ ለመቀነስ ታስቦ። በዝናባማ ዓመት ያተረፈ ለደረቁ ያቆያል። ጉድጓዱ ሁሉ ቆጣሪ አለው። ከታሰበውም በላይ ቀነሱ፣ አልከሰሩም፣ በ2018 ደግሞ አደሱት። ውሃው መውረዱን ጨርሶ አላቆመም፣ ቀዘቀዘ እንጂ። አንዳንዶቹ ከበቆሎ ወደ ማሽላ ዞሩ። ማሽላ! ቆቦ ማሽላን ትታ ወደ ሽንኩርት ስትሮጥ።

ሲቀጥልም ያው በካንሳስ አስቀድሞ መንግሥት ውሃ ቆጣቢ መርጫ እንዲገጠም ድጎማ ሰጥቶ የሚቀዳው ውሃ እንደጨመረ ሌላ ሰው ጨመረበት። 11ኛው ዝም አለ።

13. እዚህ ጋ ነው የተበላሸው። አንዱ መጥቶ የበለጸጉት አገሮች ውሃቸውን ጠጥተው፣ በቆሎአቸውን ሸጠው ሲያበቁ እኛን በሞዴል ሊያስሩን ነው፣ ገበሬው ገና አንድ ሁለት ጊዜ ሽንኩርት ሸጦ ቆርቆሮ ቢያለብስ ዓይናችሁ ቀላ አለ። ቁጣው የገባኝ ይመስለኛል። ግን ተሳስቷል። ሞዴሉ አትቅዱ አይልም። ውሃው ካለቀ ቆርቆሮውን የሚሸጠው ያው ገበሬ ነው እንጂ እኛ የምንጽፈው አይደለንም።

14. ሳዑዲ አልጆፍ እርሻ ላይ የሠራ ሰው መለሰለት። ሳዑዲ ስንዴ በራሷ አምርታ ወደ ውጭ እስከ መላክ ደርሳ ነበር። ውሃው ግን በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ፣ የማይተካ ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ለማቆም ወሰኑ፣ በ2016 መንግሥት ከአገር ውስጥ ስንዴ መግዛቱን አቆመ፤ ኋላ የመለሰው በተገደበ መጠን ብቻ ነው። እነሱ ነዳጅ ሸጠው ስንዴ ይገዛሉ። እኛ ምን ሸጠን ነው? 13ኛው አልመለሰም።

15. ሩቅ አትሂዱ፣ ሐረማያን እዩ አለ አንዱ። ሐይቁ ጨርሶ ደርቆ ነበር። ለሐረር ከተማ ይቀዳ ነበር፣ በዙሪያው አትክልትና ጫት በፓምፕ ይጠጣ ነበር፣ ደለሉም ሞላው። ሐረር ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ቆላ ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣላት ሆነ። ኋላ ሐይቁ በከፊል ተመልሷል፣ ደስ ይላል። ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ጫት ዋጋ ሄደ፣ ከጫት ወደ ሽንኩርት ዋጋ፣ ከሽንኩርት ወደ ደላላ። ይህን ሁሉ ዘልዬዋለሁ።

16. ሳተላይት አለ እኮ፣ ከሰማይ ውሃውን ይለካል ያለ ወጣት መጣ። ግሬስ የሚባሉትን ነው፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የመጠቁትና በ2018 በተተኪዎቻቸው የቀጠሉት፣ የስበት ለውጥ እያዩ የውሃ መጠን የሚገምቱት። ወዲያው ታረመ፤ እነሱ በጥራት የሚያዩት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አካባቢን ነው። ለሰሜን ህንድ ይሠራል። ቆቦ ለነሱ ነጥብ አትሆንም። ወጣቱ አመስግኖ ወጣ፣ ብርቅ ነው።

17. አንዱ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ፓምፖች እንደቆሙ አስታውሶ፣ ያኔ ወለሉ ምን ያህል እንደተመለሰ የለካ ካለ ለሞዴል ከወርቅ ይበልጣል አለ። ከቆቦ የሆነች ሴት ክፉኛ ተቆጣች። ሰው ቀባሪ ባጣበት ጊዜ ጉድጓድ ማን ይለካል፣ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ አለችው። ሐሳቡ በሙያ ልክ ነው። አጻጻፉ ግን አልነበረም፤ ይቅርታ መጠየቁ ደግ ሆነ።

18. የሕግ ሰው አዋጅ ቁጥር 197/1992ን አመጣ። የውሃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው፣ በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ከሁሉም የሚቀድመው የመጠጥ ውሃ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ቴክኒሺያኑ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ፣ መሬት ላይ ያለው ሌላ ብሎ አሾፈ። አሁን ደግሞ ሶላር ፓምፕ አለ ብሎ ጨመረ፤ ናፍጣ የለ፣ ቢል የለ፣ ፀሐይ እስካለች ይቀዳል። በህንድ ፑንጃብ መብራት ለገበሬ በነፃ ሆኖ ያለ ልክ እየተቀዳ የከርሰ ምድር ውሃው እንደወረደ ይታወቃል። ይህ ለብቻው ክር ይገባዋል።

19. አባባ በልጃቸው በኩል ተመለሱ። በቦይ መስኖ ጊዜ የውሃ አባት ነበር፣ ተራ ያወጣል፣ የሰረቀ ይቀጣል አሉ። ይቻል የነበረው ቦዩ ላይ ያለውን ሁሉም ስለሚያየው ነው። የመሬት ውስጡንም ሰው እንዲያየው የእሳቸውን ገመድ ዓይነት በየጎጡ አንድ አንድ የተተወ ጉድጓድ ላይ አድርጉ፣ ውጤቱን ገበያ ላይ ለጥፉት፣ ኅዳር ላይ ቋጠሮው ከተስማማንበት በታች ከሆነ የዚያን ዓመት ሽንኩርት እናሳንስ አሉ። አስተማሪዋ ሞዴሉ ሊያወጣ የሚገባው በትክክል ይህንኑ መስመር ነው አለች፤ ቋጠሮው የት ላይ ሲደርስ ጎሊና መጎዳት ይጀምራል የሚለውን። ከክሩ ሁሉ ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ይሄ ነው፤ ያለ ቋጠሮ ሞዴሉ ሥዕል ነው፣ ያለ ሞዴሉ ቋጠሮው ያለፈውን ብቻ ይናገራል።

20. 17 ላይ የተቆጣችው ሴት እናሳንስ ማለት ማን ያሳንስ ብላ ጠየቀች። ሩብ ሄክታር ያላት ናት። ሁሉም እኩል ከመቶ 20 ይቀንስ ከተባለ፣ ሦስት ሄክታር ተከራይቶ የሚያመርተው ትርፉ ይቀንሳል፣ እሷ ግን የልጆቿን ደብተር ነው የምትቀንሰው። የሸሪዳኑን የትራክ ነጂው እንደገና እንዲያብራራ ጠየቀች፤ እዚያ ትንሽ የሚባል ገበሬ ስንት ሄክታር እንዳለው። ሳቀና የእዚያ እርሻ ሰፊ ነው፣ ከሩብ ሄክታር ጋር አይወዳደርም አላት። ስለዚህ የነሱ ደንብ ለእኛ እንዳለ አይገለበጥም። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፤ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቤት የማይነካ ዝቅተኛ የውሃ ድርሻ ይቀመጥ፣ ከዚያ በላይ ያለው ይቀነስ። መሐንዲሱ ይህን ማን ይቆጣጠራል ብሏል፣ እስካሁን የመለሰለት የለም።

ከ20 በኋላ ያለው በብዛት ስድብ ስለሆነ አላስገባሁትም። ስለ ቲማቲም በሽታ የጠየቃችሁት ሌላ ክር ክፈቱ። ከዋጃና ከጎለሻ በኩል ጉድጓድ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ጥልቀቱን፣ የተለካበትን ወርና ፓምፑ ቆሞ እንደነበር ጨምራችሁ ከታች ጻፉ።